ጳጉሜ ሦስት

ከገላን ኮንዶሚኒየም በሚነሳው የፋብሪካ ሰርቪስ አንዲት ሠራተኛ ሁልጊዜ መስኮት ጋ ትቀመጣለች። ክርኑ የሳሳ ግራጫ ሹራብ ለብሳ፣ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሠራተኞች መመዝገቢያ ፕሮግራም ትሠራለች። ፕሮግራሙ የተሳሳተ መረጃ እንዳይቀበል ደንብ ታወጣለታለች፤ ከዚያ በፈጠራ ስሞች ትፈትነዋለች። ዛሬ ስም «ነጅላ»፣ የልደት ቀን «ጳጉሜ 3» ብላ ሞላች። «ወር ከ12 አይበልጥም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ደንቡ ውስጥ ገብታ አሥራ ሁለቱን አሥራ ሦስት አደረገችው።

ከጎኗ ተቀምጬ ሳይ አላስችል ብሎኝ «በጳጉሜ የሚወለድ ስንት ሰው አለና ነው?» አልኳት።

«አንድ ሰው እንኳ ውጭ ካስቀረ ልክ አይደለም» አለች፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል።

ቂሊንጦ ፋብሪካው ጋ ስንደርስ የመሞከሪያ ስሞቹን አንድ በአንድ አጠፋች። አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው የሠራተኛ መታወቂያ ላይ የተጻፈውን ስም፣ ነጅላን ግን ሳትነካ ላፕቶፑን ከደነች።