የጥንቸሏ መርዶ

ተጥለው የተገኙትን ሁለት ጥንቸሎች ከእንስሳት መጠለያ ስንወስድ፣ ሠራተኛዋ «አንዱ ያለ አንዱ አይኖርም» ብላ አስጠንቅቃን ነበር። ወንዱ ታሞ ሐኪም ቤት ሞተ። ሬሳውን በካርቶን ይዤ በባቡር ወደ ሰፈራችን ወደ ሄሰልቢ ስመለስ የማስበው ስለ ሴቷ ነበር። ጥንቸል ከደነገጠች መብላት ታቆማለች፤ ካልበላች ደግሞ አትቆይም።

ካርቶኑን በረንዳ ላይ ደበቅኩት። መርዶ በእኛ ዘንድ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በዘዴ ነው የሚነገረው። ልጄ ደርሳብኝ በስዊድንኛ ተቆጣች፤ ጥንቸሏ ሬሳውን ካላየች እየፈለገችው ትሞታለች አለችኝ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። እሷ ግን ካርቶኑን አምጥታ ጥንቸሏ ፊት ከፈተችው።

ሴቷ አሸተተችው፣ በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ አደረገችው፣ ጆሮውን ላሰችው፣ ከዚያ ጎኑ ተኛች። የጎመን ቅጠል አስጠጋሁላት፤ አልነካችውም። ብዙ ቆይታ ተነሳችና ጀርባዋን ለሬሳው ሰጥታ መብላት ጀመረች።

የእናቴን ሞት እኔ የሰማሁት አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው። «እንዳትደነግጪ ብለን ነው» አሉኝ። እስከ ዛሬ ስልኬ ሲጮህ እናቴ የደወለች ይመስለኛል።