ኮረሪማ እንጂ አረቄ አይደለም

«በስተርጅና አረቄ ማውጣት ጀመረች» መባሌን ዛሬ ሰማሁ። ሐሰት ነው። ከግቢዬ የሚሸታችሁ አልኮል የኮረሪማን ዘይት ከፍሬው የምናወጣበት ነው።

ኬሚስትሪ ያስተማርኳችሁ ሰዎች ግን ከማውራታችሁ በፊት ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?

ችግሩ አልኮሉን ከዘይቱ መልሶ ማስወጣት ነው። ባለፈው በድስት ስናሞቀው ዘይቱ አረረና መዓዛው አብሮ ጠፋ። ኮረሪማውን ከገጠር፣ ከጪጩ የምታመጣው የቀድሞ ተማሪዬ ዘሪቱ፣ «ቲቸር፣ ይሄኛውም ካረረ ፍሬውን ገበያ አወጣዋለሁ» አለችኝ።

ዛሬ ፈሳሹ በሙቅ ውሃ በተከበበ የመስታወት ቱቦ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ በስሱ ተዘርግቶ እንዲወርድ አደረግን። አየሩን በፓምፕ ስለሳብነው አልኮሉ በትንሽ ሙቀት ተነነ፤ ዘይቱም ሳያር ወረደ።

ዘሪቱ አሸተተችው። «ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል! ግን አሁንም ያሰክራል።»

ልክ ናት፤ አልኮሉ ጨርሶ አልወጣም።

«ይበቃል፣ እንሽጠው?»

«አይበቃም። ፍሬውንም ገበያ አታወጪም።»

ሳቀች፤ የኮረሪማውን ከረጢትም እኔ ዘንድ ትታ ሄደች።

እናንተስ እሳት በዝቶበት መዓዛው የጠፋባችሁ ነገር አለ? ምን መላ አገኛችሁለት?

እኔ ነገ መጀመሪያ ቱቦውን አጥባለሁ፣ አየር እያሾለከ የሚያስገባውን የፓምፑን ጎማ እቀይራለሁ፤ ከዚያ ፈሳሹን ከዛሬው ይበልጥ በዝግታ አወርዳለሁ። ዘሪቱም ቁርሷን በልታ ትመጣለች፤ በባዶ ሆድ አልኮል አታሸትም።