ዝናብ የሌለበት ዘፈን

ባለፈው ሳምንት የለሊሴ አባት ኖፓ ላይ አረፉ። ለሊሴ ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ ለቀብር መምጣት አልቻለችም። ደውላ ዘፈን ጠየቀችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «አብደሃል?» እለው ነበር። የትኛውን እንደሆነ ስላወቅሁ ግን ፍለጋ ገባሁ። የጃፓን ባንድ ነው፤ ስማቸውን መጥራት እስካሁን አልችልም። እንደ ምንም አግኝቼ በቴሌግራም ላክሁላት።

«ይሄ አይደለም» አለችኝ።

«እሱ ነው እንጂ!»

«አይደለም። ዝናቡ የታለ?»

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን መቱ፣ እትዬ አስካለ ግቢ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክዳን ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር፤ እሷ ከኖፓ፣ እኔ ከዳሪሙ። ስንቃችን ከየቤታችን ይመጣል፤ የእናቴ የበቆሎ ቂጣና ማር ሰኞ ማታ ላይ ያልቃል። አንድ ቀን ሙዚቃ ቤት ሄጄ ሚሞሪዬን የኦሮምኛ ዘፈን አስጫንኩና ልጁን «የተረፈውን ቦታ በፈለግከው ሙላው» አልኩት። ባዶ ቦታ አልወድም። በጃፓን ዘፈን ሞላልኝ።

ቤት ስንከፍተው ጊታሩ የጎሬን ዳገት እንደሚወጣ ጭነት አይሱዙ ያቃስታል። ከበሮው አንዴ ይመታል፣ ሁለተኛውን የረሳው እስኪመስል ይቆያል። ከዚያ አንድ ሰው ከጉድጓድ ውስጥ ይጮኻል። እኔ በሳቅ ሞትኩ።

«ምንድነው እሱ? ሰይጣን አስገባችሁብኝ እንዴ?» አሉ እትዬ አስካለ ከግድግዳው ማዶ።

ለሊሴ አልሳቀችም። እናቷን የቀበረችው በዚያው ሰሞን ነበር። ኖፓ ለቀስተኛው ሁሉ «ሂንቦኢን፣ አታልቅሺ፣ እናትሽ ጌታ ጋ ናት» እያለ እንባዋን ከዓይኗ መልሶት ነበር። እሺ ብላ መጣች፤ ግን መብላት ተወች፣ ትምህርቱንም ልትተው ነበር። ግንቦት ገባ። የእኛ አገር ዝናብ እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ አይሄድም፣ ቤት ተከራይቶ ነው የሚቀመጠው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድና ያ ዘፈን ከሥሩ ሲያጉረመርም ለሊሴ ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች። በየቀኑ እየከፈተች አለቀሰች። ከዚያ ቂጣዬን መስረቅ ጀመረች፤ ደስ አለኝ።

የጫካ ቡና የሚያጠና አንድ ጃፓናዊ ጁስ ቤት አገኘንና ዘፈኑን ከፍተን በተሰባበረ እንግሊዝኛችን «ምን እያሉ ነው?» አልነው። ሰማና አፈረ። «ጥሩ ነገር አይደለም። የሚናገሩት ሙታን ናቸው። ቀበራችሁን፤ ለመሄድ ግን አትቸኩሉ፣ አጠገባችን ትንሽ ተቀመጡ ይላሉ።»

እንዳትደነግጥ ብዬ እጇን ያዝኩ። እሷ ግን የአቮካዶ ጁሷን በማንኪያ እየዛቀች «ሰው ሁሉ አታልቅሺ ሲለኝ ተቀመጪ ያሉኝ እነሱ ብቻ ናቸው» አለች።

አሁን የምኖርበት ቤት ጣሪያው ሲሚንቶ ነው፤ መዝነቡን የማውቀው ያሰጣሁት ልብስ ሲርስብኝ ነው። ስለዚህ ዛሬ እትዬ አስካለ ጋ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ያቺን ክፍል ለአንድ ቀን ይስጡኝ።»

«ምን ልታደርጊባት?»

«ዝናብ ልቀዳ።»

«አንቺ ልጅ ዛሬም አልተሻለሽም?» አሉና ቁልፉን ሰጡኝ።

አልጋችን የለም፣ በቆሎ በጆንያ ተደርድሮበታል። ጆንያው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ፤ በአንድ ስልክ ላጫውት፣ በተዋስኩት ልቀዳ። በጎሬ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ለካ ለሊሴ የጠየቀችኝ ዘፈን አልነበረም፤ ማልቀሻ ቤት ነው። ቤይሩት ማን ተቀመጪ ይላታል? ሰሃኑ ይጠብቃታል። እኔም ብሆን ከእሷ ወዲህ እንደዚያ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የለኝም።

የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮውን ሲመታው መቅጃውን ከፈትኩ። ዘፈኑን ከማስነሳቴ በፊት ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ «ለሊሴ፣ ተቀመጪ» አልኩ።