የሐና ማሰሮ ያፈሳል

የሺሀረግ ሰጪ ሴት ነበረች። ጂንካ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ያላወቀ ቢኖር ራሷ ትነግረው ነበር። ከጎፋ መጥታ የበቆሎና የማሽላ ንግድ ከጀመረች ወዲህ የጸሎት ቤቱን ጣሪያ ግማሽ ቆርቆሮ ችላለች። የእፍኙ ጎታም የሚቀመጠው በእሷ ጓዳ ነበር።

እፍኝ የሴቶቹ ስጦታ ነው። አማኝ ሴት ለቤቷ የሰፈረችውን ዱቄት ድስት ከመክተቷ በፊት አንድ እፍኝ ትቀንስና ለጌታ ታስቀምጣለች። ቅዳሜ ሲደርስ የየቤቱ እፍኝ ይሰበሰብና ቆላ ወርደው ለሚያስተምሩ ወንጌላውያን ቤተሰብ ቀለብ ይሆናል። የሺሀረግ ግን በእፍኝ አትሰጥም፤ በቁና ነው። ቁናዋን ይዛ ብቅ የምትለውም ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ካለቁ በኋላ ነበር።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ጸሎት ቤቱ በመንግሥት ታሸገ። ለወንጌላዊ መዋጮ መሰብሰብም የሚያሳስር ሆነ። ወንጌላዊ ዳርጌ ያኔ ቆላ ወርዶ አርቦሬ አገር ነበር። ጂንካ የቀሩት ሚስቱና አምስት ልጆቹ ከዚያች እፍኝ በቀር ሌላ ጉርሻ አልነበራቸውም። የአማኞቹ ሽማግሌ ጋሽ ሶርሳ ጥቂት ሰዎችን ከአንድ የቡና ማሳ ውስጥ ሰብስቦ፣

«የየሺሀረግ ቤት አውራ መንገድ ላይ ነው፤ ገቢና ወጪው ይታያል። ጎታው ወደ ሐና ቤት ይሂድ» አለ።

የሺሀረግ ጆሮዋን አላመነችም። ሐና ሸክላ ሠሪ ናት፤ የአገሬው ገበሬዎች አሪዎች ማና ከሚሏቸው ወገን። ገበሬው ደጃቸውን አይረግጥም፤ ከማዕዳቸውም አይቆርስም። ጋሽ ሶርሳም የመረጣት ለዚሁ ነው። ሰው የማይገባበትን ቤት ማን ይፈትሻል?

«እህሉስ በምን ይደርሳል? ሴት ሁሉ እሷ ቤት ሲመላለስ አይታይም?» አለች የሺሀረግ።

ከኋላ የተቀመጠችው ሐና ቀስ ብላ ተናገረች። «ገበያ አምጡት። ዱቄቱን ማሰሮ ውስጥ አድርጉ፣ አፉን በእንሰት ቅጠል ወትፉ። ከዚያ ‹የሸጥሽልን ማሰሮ ያፈሳል፣ ለውጪልን› ብላችሁ ተቆጡኝ። እኔ እቀበልና ባዶውን እሰጣለሁ።»

«ስምሽስ? ሥራሽ መጥፎ ነው ሊባል ነው» አለ ጋሽ ሶርሳ።

«ይባል» አለች ሐና።

ጋሽ ሶርሳ ፊቱን አዞረና ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። የሺሀረግ አየችው። ቆርቆሮውን ስትሰጥ አላለቀሰም፤ ቁናዋን ስታፈስም አላለቀሰም። ያን ቀን ቅናት ያዛት፤ ሌላ ስም ልስጠው ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ቅዳሜ ገበያ ጨዋታ መሰለ። ሴቶቹ ተራ በተራ ማሰሮ ተሸክመው ይመጣሉ፣ ሳቃቸውን ውጠው ሐናን ይቆጣሉ፣ ሐና አንገቷን ደፍታ ትለውጥላቸዋለች። የሺሀረግ ተራዋ ሲደርስ ግን ጨዋታ የሚባል ነገር አላወቀችም። በልቧ ያለውን ሁሉ አወጣችው።

«ምን ዓይነት እጅ ነው ያለሽ? ውሃ ብሞላበት ሥሩ ጭቃ ሆኖ ቀረ! ሰው እንዴት በዚህ ሥራ ይኖራል?» ትላለች። ድምፅዋ ከሽንኩርት ተራ እስከ ከብት ተራ ይሰማል። ዓይን እንዳይበዛብን ነው እያለች ራሷን ታጽናናለች። ቤቷ ስትገባ ግን የሰውነቷ ቅለት ይገርማት ነበር፤ በሳምንቱም ቅዳሜን በጉጉት ትጠብቅ ጀመር።

እንዲህ ሲል ሦስት ዓመት ሞላ። ወንጌላዊ ዳርጌ ለጥቂት ቀን ሲመጣ «ሐና ባትኖር ልጆቼን አላገኛቸውም ነበር» ማለቱን የሺሀረግ ሰማች። በዚያ ሰሞን ስድቧ ድንበር ጣሰ። ገበያው መሐል ቆማ፣

«ድሮስ ከእናንተ ወገን ምን ይጠበቃል?» አለቻት።

ሰዉ ሳቀ። አማኞቹ ሴቶች አልሳቁም። ሐና ማሰሮውን ተቀብላ ሌላ ሰጠቻት። የባለሥልጣን ሚስት የሆነችው ተናኜ በማግሥቱ እህል ልትገዛ መጥታ፣ «የሺዬ፣ ከዚያች ሴትዮ ማሰሮ መግዛት ተውን። አንቺ ነሽ ያነቃሽን» ብላ አመሰገነቻት። የሺሀረግ ደስ አላት። እግዜር ይቅር ይበላት፣ ደስ ነው ያላት።

ሰባ ሰባት ድርቅ ሆነ፤ እህል ጠፋ። አንድ ቅዳሜ ሐና ከገበያ ቀረች። ጋሽ ሶርሳም የሺሀረግን «አሟት እንደሆነ ሄደሽ እያት» አላት። ሌላ ሰው ቢልክ በወደደች፤ ግን ሄደች። የሐናን ደጅ ስትረግጥ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ግድግዳውን ተደግፎ ያልተሸጠ ማሰሮ ተደርድሯል፤ አንዱ ባንዱ ላይ፣ እስከ ጣሪያው። ሐና ጎመን ጥዳ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። የምትጨምርበትን ዱቄት በትንሽ ቅል አወጣች። ከዚያች ላይ አንድ እፍኝ ዘግና ተነሣችና ጎታው ውስጥ ከተተች። ቅሉ ውስጥ የቀረው ጎመኑን ነጭ ለማድረግ እንኳ አይበቃም። ጎታው ግን እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር፤ የዳርጌ ሚስት ሰኞ ትወስደዋለች።

የሺሀረግ አፈረች ብል ደስ ባለኝ። ያኔ ግን መጀመሪያ የመጣባት እፍረት አይደለም። በረሃብም ትበልጠኛለች? ነው ያለችው በሆዷ።

«ማሰሮው ለምን አልተሸጠም?» ብላ ጠየቀች።

«ሰው የአንቺን አፍ ያምናል» አለች ሐና፣ ጎመኑን እያማሰለች። «ሌሎቹ ሲቆጡኝ የሚያምን የለም። አንቺ ስትቆጪ የእውነትሽን ነው።»

«ታውቂ ነበር?»

«አወቅኩ እንጂ።»

«አውቀሽ እንዴት ዝም አልሽ?»

ሐና ቀና ብላ አየቻት፤ ጥያቄው ራሱ የገረማት ይመስል ነበር። «እህሉ ይገባ ነበራ» አለች።

የሺሀረግ ተቀምጣ ሐና ያቀረበችላትን ጎመን በላች። በሕይወቷ ከዚያ የከበደ ጉርሻ አልዋጠችም። እፍረቱ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ከመጣም በኋላ አላስተኛትም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከእህል መደብሯ ፊት አንድ የሐና ማሰሮ አስቀምጣ እስከ አፉ ውሃ ሞላችበት። ከሥሩ ደረቅ አፈር ነሰነሰች። እስከ ቀትር ድረስ አንዲት ጠብታ አልወጣም፤ አፈሩ እንደ ደረቀ ነው። ተናኜ መጥታ «ምንድነው ይሄ?» አለቻት።

«የሐና ማሰሮ ነው። አያፈስም። ድሮም አፍስሶ አያውቅም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

«ለምን ትዋሺያለሽ?»

እውነቱን ሁሉ ብትናገር ጎታው ይያዛል፣ ሐናም ትታሰራለች። ስለዚህ ከእውነቱ ራሷን ብቻ የሚያሳፍረውን መርጣ ሰጠች።

«ቀንቼባት ነው።»

«በሸክላ ሠሪ?»

«በሸክላ ሠሪ» አለች የሺሀረግ፣ ዙሪያዋን የቆመው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ።

ገበያው በሳቅ ተናጋ። የገበያ ሽማግሌዎች ወዲያው ተቀምጠው፣ የሰው ስም ያጠፋች ናትና ስድስት ወር በየሳምንቱ አንድ ማሰሮ እህል ለሐና እንድትክስ ፈረዱባት። ሐና ግን ጨነቃት። ሰዉ ሲበተን ጠጋ ብላ፣ «እኅቴ፣ ማሰሮዬ አያፈስም ካልሽ ከእንግዲህ የሴቶቹ እፍኝ በምን ይገባል?» አለቻት።

«ለእኔ የሸጡልኝ መስለው ያምጡት። እኔ በካሳ ስም አደርስልሻለሁ» አለች የሺሀረግ።

እንዲሁም ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማሰሮዋን አዝላ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ስትወጣ ያየ ሁሉ «ቀናተኛዋ ቅጣቷን ልትከፍል» ይላል። የሐና ማሰሮ መሸጥ ጀመረ፤ የየሺሀረግ ደንበኛ ደግሞ ውሸታም ነች እያለ ቀነሰ። ስድስት ወሩ ቢያልቅም ማሰሮውን መሸከም አልተወችም፤ ስድስት ዓመት ጨመረችበት። ቅናቱ ተነቀለላት አልልም። ዳርጌ በመጣ ቁጥር የሐናን እጅ ይዞ ሲያመሰግን እሷን ሰላም ብቻ ብሎ ያልፋል፤ ጥርሷን ነክሳ ታየዋለች።

ሰማንያ ሦስት መንግሥት ተለወጠና ጸሎት ቤቱ ተከፈተ። ሕዝቡ ሞልቶ መቀመጫ ጠፋ። የዳርጌ የመጨረሻ ልጅ፣ እግሯ በዚያች እፍኝ የጠነከረ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ቦታ ስትፈልግ ከየሺሀረግ አግዳሚ ጫፍ ደረሰችና ቆመች። ወደ እናቷ ዞራ፣

«እማዬ፣ ሐናን የበደለቻት ሴትዮ ይቺ አይደለች?» አለች።

ፊት ለፊት የነበረው ጋሽ ሶርሳ ነገሩን ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። የሺሀረግ የኮቱን ጫፍ ያዘችው።

«ነኝ፣ ልጄ» አለችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።