በጥምጥም የተዘጋው መንገድ

ሙዲሩ፣ ማለትም የአስጎብኚ ድርጅቱ ኃላፊ፣ ሥራውን ሲሰጠኝ ያዘዘኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ ስኩተሮቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢሮ እንዲገቡ፤ ሁለተኛው፣ እንግዶቼን ይዤ ዴም ሰፈር እንዳልገባ። «ኸዋጃ የሚከፍለው አባይን ለማየት ነው፤ የሐበሻ ሻይ ቤት ለማየት አይደለም» አለኝ፤ ኸዋጃ የሚለው ፈረንጁን ነው። የቀጠረኝ ለአንድ ወር ሙከራ ነበር። ሴት ከፊት እየነዳች እንግዳ ስትመራ የካርቱም ሰው ምን እንደሚል እንይ ብሎ ነው። ሰው ካጉረመረመ ሥራው ለአክስቱ ልጅ ይሰጣል። የአክስቱ ልጅ ደግሞ ከዐረብኛ በቀር አንድም ቋንቋ አያውቅም።

እኔ የተወለድኩት ዴም ነው። ሙዲሩ ይህን ያውቃል። እያወቀ ነው የተናገረው።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ከመጣበት ረመዳን በፊት በነበረው ረመዳን ነው። እናቴ ከወሎ መጥታ፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት እየሠራች ነው ያሳደገችኝ። አባቴ ሱዳናዊ ነበር፤ መልኩን ለማስታወስ ሳልደርስ ሞተ። ስለዚህ የዜግነት ወረቀት አለኝ። እናቴ ግን ለብዙ ዓመት አልነበራትምና ከሻ፣ ማለትም ፖሊስ መንገድ ላይ ወረቀት እየጠየቀ ሰው የሚያፍስበት ቀን፣ በሕይወቷ ውስጥ እንደ ዝናብ የሚጠበቅ ነገር ነበር። ግድግዳ ታክኮ መሄድን ያስተማረችኝ እሷ ናት። በመንገድ መሐል አትሂጂ፣ ጮክ ብለሽ አትሳቂ፣ አንገትሽን ደፍተሽ እንጀራሽን ብዪ።

የኤሌክትሪክ ስኩተር ደግሞ የሚነዳው ቆሞ ነው። እላዩ ላይ ስትወጪ ከመንገደኛው ሁሉ በላይ ትታያለሽ። እናቴ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «አንቺ ልጅ፣ ውረጂ ከዚያ ነገር ላይ፣ ሰው ያይሻል!» አለችኝ።

«እንዲያየኝ ነው የወጣሁት» አልኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

በዚያ ቀን ሦስት እንግዶች ነበሩኝ፤ ሽማግሌ ባልና ሚስት፣ እንዲሁም የሚስትየዋ እህት። ሁለቱ አባዮች የሚገናኙበት ቦታ ወስጄ፣ ይሄ ነጩ ነው፣ ያ ጥቁሩ ነው ብዬ እንደ ዳዊት የደገምኩትን ንግግር ደገምኩላቸው። ቤተ መንግሥቱንም ከሩቅ አሳየኋቸው። እህትየዋ ሰልችቷት ነበር መሰለኝ፣ ድንገት «አንቺስ የት ነው የምትኖሪው?» አለችኝ።

ሰዓቴን አየሁ። ለመግሪብ፣ ለፀሐይ መጥለቂያው ሶላት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀራል። የሙዲሩ ትእዛዝ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ እንጂ። ካርቱም ማለት አባይ ብቻ ከሆነ፣ ታዲያ እኔ የተወለድኩት የት ነው? «ተከተሉኝ» አልኳቸውና በሳጃና በኩል አድርጌ ዴም አስገባኋቸው።

የተወለድኩበትን ቤት አሳየኋቸው። በሩ ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓይነት ቀለም ተቀብቷል። ከሻ ሲመጣ እናቴ ከጆንያ ኋላ የምትደበቅበትን የዱቄት መሸጫም አሳየኋቸው። ባለሱቁ «ሐበሻ እዚህ የለም» ብሎ ለፖሊስ የማለበትን ደጃፍ፣ ቤተ መንግሥቱን በገለጽኩበት ድምፅ ገለጽኩላቸው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔም ወሬው ጣፈጠኝና አስረዘምኩት።

ቀና ስል ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። ወንዶች ምንጣፍ እየያዙ ወደ መንገድ እየወጡ ነው። ካርቱም ውስጥ በረመዳን ሰው የሚያፈጥረው ጎዳና ላይ ነው፤ መንገደኛውን ሁሉ አስቁሞ፣ ጎትቶ ያበላል። መኪና ሲቆም ያየሁት ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ስኩተር ግን ቀጭን ናት፣ ሾልከን እናልፋለን አልኩ። ያደግኩበትን አገር እንዲህ መናቄ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ጥጉን ስንታጠፍ ሁለት ሰዎች ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ አንዱን ጫፍ ወዲህ አንዱን ወዲያ ይዘው፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ወጥረውታል። አንድ ሽማግሌ መሐል ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ተፈደሉ፣ ያ ጀማዓ! ኑ፣ ቁጭ በሉ!»

«ያ ሐጅ፣ አላህ ይስጥልን፣ ቸኩለናል» አልኩ።

«ዐለየ ጠላቅ! እዚህ ምንጣፍ ላይ ሳትበሉ አንዳችሁም አታልፉም!»

ለእንግዶቼ ተረጎምኩላቸው፤ ካልበላን እኚህ ሰው ሚስታቸውን ይፈታሉ ማለት ነው። ሦስቱም ሳይነጋገሩ ከስኩተራቸው ወረዱ።

ኸዋጃዎቹን በክብር ምንጣፉ ላይ አስቀመጧቸው፤ ሴቶቹንም ጭምር። ልቀመጥ ስል ሽማግሌው ፊቴን ልብ ብለው አዩት። «አንቺ ሐበሺያ፣ አንቺ ልጅ» አሉ፣ ድምፃቸው ክፉ አልነበረም፣ «ወደ ውስጥ ግቢና ሴቶቹን አግዢ። ሳህኖቹን አምጪ።»

ደሜ ፈላ። ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰውየው ከልባቸው ያዩት ሠራተኛ ነው። እናቴ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰማችውን ቃል ነው ለእኔ ያወረሱኝ።

«የእነዚህ ሰዎች መሪ እኔ ነኝ» አልኩ። «እንግዶቼ በተቀመጡበት እቀመጣለሁ።»

ምንጣፉ ላይ የነበሩት ወንዶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ደግሞ ያ ሐጅ፣ አንዳችሁም ሳትበሉ አታልፉም ብለው በጠላቅ ምለዋል። እዚህ ምንጣፍ ላይ ነው ያሉት። እኔ ወደ ውስጥ ከገባሁ ሚስትዎ ምን ሊሆኑ ነው?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከግቢው በር ላይ የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ። «ያ ራጅል፣ አንተ ሰውዬ፣ አስቀምጣት እንጂ! በዚህ ዕድሜዬ ወዴት ልሂድልህ?» አሉ። ጎዳናው በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌውም እየሳቁ በእጃቸው ቦታ ጠረጉልኝ።

አዛን ተሰማ። የመጀመሪያውን ቴምር ያቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። አሲዳውን፣ የእነሱን ገንፎ፣ ከእነሱ ጋር ከአንድ ገበታ እየቆረስኩ ሳለ ጥምጥሙ አንድ ሐፍላ፣ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ፣ አስቆመ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል እናቴ ወረደች፤ ከሥራ እየተመለሰች ነበር።

አየችኝ። ጠጋ ብላ በአማርኛ፣ በጥርሷ መሐል፣ «ተነሺ» አለች።

«አልነሳም፣ እማ። ነይ፣ ቦታ አለ።»

ከንፈሯን ነክሳ፣ ግድግዳውን ታክካ፣ ወደ ግቢው ገባች። ትንሽ ቆይቶ የሳህን ድምፅ ሰማሁ። ማንም ሳያዛት እያጠበች ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቅጽበት ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ያፈርኩት ግን በእሷ አይደለም።

ቢሮ ስንደርስ መሽቶ ነበር። «የት ነበርሽ?» አለኝ ሙዲሩ። ጎማ ተነፈሰ ማለት እችል ነበር። «ዴም» አልኩት፣ «ሰፈሬን እያሳየሁ።» ሽማግሌው እንግዳ፣ «ከመጣን ወዲህ ያየነው ምርጡ ነገር ነው» ብለው ተከራከሩልኝ። ሙዲሩ ፈገግ ብሎ ሸኛቸውና እጁን ዘረጋልኝ። የስኩተሬን ቁልፍ ሰጠሁት። በማግስቱ የአክስቱ ልጅ ከፊት ሆኖ ሲነዳ በዓይኔ አየሁ።

ከሥራ መባረሬን ለእናቴ የነገርኳት በማግስቱ ጠዋት ነው፣ ወደ አል-ጣኢፍ ልትወጣ ጫማዋን ስታደርግ። ይሄው፣ አላልኩሽም፣ ትላለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን አንዱን ጫማ በእጇ እንደያዘች ቀና አለች።

«ሴቶቹ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ሽማግሌው ቴምሩን በእጃቸው ነው የሰጡሽ?» አለች።

«በእጃቸው።»

ጫማዋን አደረገች፣ በሩን ከፈተች።

«ዛሬ በጊዜ እወጣለሁ» አለች። «ምንጣፉ ላይ ቦታ ያዢልኝ።»