በኖታ ሥር የተጻፉ ስሞች

ከጎንደር ስለወጣሁበት ሌሊት ስትጠይቁኝ ቶሎ የሚመጣብኝ የእናቴ ልቅሶ አይደለም፤ የአባቴ ቁጣ ነው። ሻንጣዬን ከፍቶ ኖታዎቼን አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ በዚህ ፈንታ ጋቢ ብትይዢ ምን አለበት እያለ ሲነጫነጭ አመሸ። አባቴ የአዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሰው ወደ ብርድ አገር ሲሄድ ወረቀት ይዞ መሄዱ አልገባ አለው። እውነቱን ልነግረው አልቻልኩም። ከኖታዎቹ በአንዱ ላይ፣ ግጥም በሚገባበት ቦታ፣ የአሥራ አንድ እስረኞች ስም ከነአባታቸው ተጽፎ ነበር። ፊደላችን ለዚህ የተመቸ ነው፤ በየኖታው ሥር አንዳንድ ፊደል አስቀመጥኩና ላየው ሰው ዘፈን መሰለ።

የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ሰግደን ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ አዘዞን አልፎ ጠዳ ሲደርስ ፈታሾች ሁላችንንም አስወረዱን። አንደኛው ሻንጣዬን በርብሮ ያችኑ ወረቀት አወጣ። ምን ዓይነት የምስጢር ጽሑፍ ነው አለኝ። የፒያኖ ኖታ ነው፣ መምህርት ነኝ፣ ጀርመን አገር ኮንሰርት ተጋብዤ ነው ብዬ ደብዳቤውንም ቪዛውንም አሳየሁት። ደብዳቤውን አላየውም።

«ዘፈን ከሆነ እስቲ ዝፈኚው» አለኝ።

እኔ ፒያኖ ተጫዋች እንጂ ዘፋኝ አይደለሁም። ግን ዘፈንኩ። አስፋልት ዳር ቆሜ የአሥራ አንዱንም ስም ከነአባታቸው ዘፈንኩለት። ተሳፋሪው መሬት መሬቱን ያያል። ከመካከላቸው ስሞቹን ያወቀ እንደነበረ እርግጠኛ ነኝ። ስጨርስ ፈታሹ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ያሳዝናል። ትንሽ ደስ የሚል ነገር ብትሠሪ ይሻልሻል» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ሰዎቹን ያሰራቸው እሱ የቆመለት ወገን ነው፤ ስማቸው ደስ እንዲል ማድረግ ደግሞ የእኔ ሥራ ሆነ።

ፒያኖንና የሰው መብትን ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ይገናኛሉ ብዬ አልጀመርኩም። አዲስ አበባ ተምሬ ስመለስ ማራኪ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ያገለገለ ፒያኖ በአይሱዙ አስጭኜ ማስተማር ጀመርኩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ አንዲት ነርስ ነበሩኝ። አንድ ማክሰኞ ነርሷ ቀረች። በሚቀጥለውም ቀረች። ስጠይቅ ከሥራ ቦታዋ እንደወሰዷት ነገሩኝ፤ በምን እንደሆነ የሚናገር አልተገኘም። በዓመቱ መጨረሻ ዝግጅታችን ላይ የእሷ ተራ ሲደርስ ተነሥቼ፣ ይህንን የምትጫወተው ልጅ ያለ ክስ ታስራለች አልኩና ወንበሯን ባዶ ትቼ፣ ሙዚቃው የሚፈጀውን ያህል ዝም ብለን ተቀመጥን። ሌላ ምንም አላደረግሁም።

ከዚያ በኋላ እናቶች ወደ ክፍሌ ይመጡ ጀመር። የልጆቻቸውን ስም የሚመዘግብላቸው ቢሮ አጥተው ወደ ፒያኖ አስተማሪ መጡ፤ ይህን የሚያህል ውርደት አለ? እኔም መዘገብኩ። የመጨረሻዋ ከዳባት በላይ ካለ መንደር በእግርና በመኪና የመጡ፣ እማማ ጥሩ የሚባሉ እናት ነበሩ። ልጃቸው መምህር ነው፤ ከክፍሉ ነው የወሰዱት። «ወልደሚካኤል ካሳ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ትምህርት ቤቱን፣ የተወሰደበትን ቀን፣ ሁሉንም በሌላ ወረቀት ጽፌ ከአገር ለወጣ ወዳጄ በስልክ አንብቤ ቀደድኩት። ብዙም ሳይቆይ አከራዬ በታዘዙት መሠረት ክፍሉን እንድለቅ ነገሩኝ። ወዲያው ያ የኮንሰርት ግብዣ ደረሰኝ።

ኮንሰርቱን ተጫውቼ ጥገኝነት ጠየቅሁ። ሃይም በሚሉት የስደተኞች ማደሪያ ስምንት ወር ቆየሁ፤ አሁን በአንድ ትንሽ ከተማ ጣራ ሥር ያለች ክፍል ተከራይቼ የሰፈር ልጆች አስተምራለሁ። ዳባትን በክረምት ያየ ሰው ብርድ አልፈራም ብሎ ይመጣል፤ የዚህ ግን አጥንት ውስጥ ገብቶ ይከራያል። ዳቦው ይደርቃል፣ ሻዩ ቅመም የለውም። እኛ ዘንድ ቅር ያለው ጎረቤት መጀመሪያ ጤናችሁን ይጠይቃል፣ ልጆቹን ይጠይቃል፣ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፣ ነገሩን ሲወጣ በር ላይ ነው የሚያነሣው። እዚህ አከራዬ በሩን አንኳኩተው፣ ሰላም ሳይሉኝ፣ ዛሬ እሑድ ነው አሉኝ። እሑድ ሩኸ ነው፤ ዝምታ ማለት ነው፣ በሕግ።

«የምጫወተው የአገራችሁን ሰው ድርሰት ነው» አልኳቸው።

«እሱም ቢሆን እሑድ አይፈቀድለትም» አሉኝ።

አገሬ ላይ ዝም በይ ያሉኝ መሣሪያ ይዘው ነበር፤ እኚህ የኪራይ ውሉን ይዘው መጡ። ይኼኛው ይሻላል፣ አልክድም። ግን ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ።

ስሞቹን፣ ወዳጄ ከያዘልኝ ማስረጃ ጋር፣ ለአንድ የመብት ተሟጋች ድርጅት ሰጥቼ ነበር። በየአዳራሹ ስጫወትም ከሙዚቃው በፊት አነባቸዋለሁ። ድርጅቱ ለአገራችን ባለሥልጣናት ጻፈ፤ ከብዙ ወራት በኋላ መልስ መጣ። አሥሩ በምርመራ ላይ ናቸው ይላል። ስለ አሥራ አንደኛው ግን፣ ወልደሚካኤል ካሳ የሚባል ሰው በየትኛውም ማቆያ የለም፣ ኖሮም አያውቅም።

ይኸው መልስ የጥገኝነት ጉዳዬን በያዙት ሴት ጠረጴዛ ላይ ጠበቀኝ።

«አሥሩ አሉ። አንዱ የለም። ታዲያ ዝርዝርዎን እንዴት እንመነው?» አሉኝ።

አሥሩን ማሰራቸውን ራሳቸው ካመኑ ምን ቀረ አልኳቸው።

«የቀረው አንዱ ነው» አሉ። ማስተካከያ ካለኝ እስከሚቀጥለው ተርሚን፣ ማለት እስከ ቀጠሮዬ፣ እንዳቀርብ ነገሩኝ። ካላቀረብኩ ያ ሰው ከዝርዝሩ ይወጣል።

ኮሪደር ላይ አስተርጓሚዋ ተከተለችኝ። የአገሬ ልጅ ናት፣ ክርስቲያን። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ይኼ የክርስትና ስሙ እንዳይሆን አለችኝ። ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ያደግሁ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ስም መኖሩን አውቃለሁ። ግን ወልደሚካኤል ተብሎ የሚጠራ ሰው ሞልቶ፣ በመታወቂያው ማን ይባላል ብዬ መጠየቅ አልታሰበኝም። በራሴ ተናደድኩ። መልሱን በጻፉት ግን የባሰ ነደድኩ። የአባቱ ስም፣ ትምህርት ቤቱ፣ የተያዘበት ቀን ከደብዳቤው ጋር ተልኮላቸዋል። ማን እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ።

ቅዳሜ ደወልኩ። እማማ ጥሩ ቅዳሜ ዳባት ገበያ ይወርዳሉ፤ እዚያ ኔትወርክ ሲኖር በእህታቸው ልጅ ስልክ ይገኛሉ። በአራተኛው ሙከራ ገባልኝ።

«ሸጋ ነሽ ወይ ልጄ? ብርዱስ?»

ደኅና ነኝ አልኳቸው። ከዚያም፣ የሰጡኝ የክርስትና ስሙን ነው አይደል፣ ለጸሎት የሚነበብ መስሎዎት ነው አልኳቸው።

«ምነው፣ ለጸሎትማ እኔ አለሁለት አይደል? የዓለም ስሙን በወረቀት ጽፈው መጡ። በዚያው ስም ጠሩት፤ አቤት ብሎ ወጣ። ዳግመኛ ያንን ስም ወረቀት ላይ አላስጽፍም ብዬ ነው።»

በዚህኛው ስም ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም ብለዋል አልኳቸው። የገበያው ጫጫታ ብቻ ይሰማኛል፤ አንድ ሰው የበግ ዋጋ ይጠራል።

«ኖሮ አያውቅም አሉ?»

«አሉ እማማ።»

«ስሙን ብነግርሽ አለ ይሉኛል?»

አዎ ማለት ፈልጌ ነበር። አላውቅም አልኳቸው፤ ከዚህ ሌላ እውነት አልነበረኝም።

«እንግዲያ ልሰንብትበት። ቅዳሜ ደውይ» አሉና ስልኩን መለሱ። የእህታቸው ልጅ ራቅ ብላ ስትሄድ ይሰማኛል።

«እኔ ልንገርሽ? አውቀዋለሁ» አለችኝ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቴ ነበር። ባለሥልጣናቱ ያለ እማማ ፈቃድ ልጁን ወስደዋል፣ አለመኖሩንም ጽፈዋል፤ አሁን ደግሞ ስሙን ከእማማ ጀርባ የምወስደው እኔ ልሆን ነው።

ተይው፣ እሳቸው ይንገሩኝ፣ ቅዳሜ እደውላለሁ አልኳት። ተርሚኔ ግን ከዚያ በፊት፣ ረቡዕ ነው።