ፋታና የዳሽቦርዱ ጥፊ

ፋታን «ፋታ» ያሉት የታክሲ ተራው ሹፌሮች ናቸው፤ ለማንም ፋታ ስለማይሰጥ። ቅጽል ስም ማውጣት እነሱ ያውቁበታል! ሰውዬው ምሳውን ቆሞ ይበላል፤ ፀጉሩን ሲስተካከል መሃል ላይ ተነስቶ በር ድረስ ካልሄደ አይሆንለትም፤ ቀይ መብራት ሲይዘው መሪውን ይደበድባል። ሚስቱ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስትለው፣ «እስኪሄድ ማን ይጠብቀዋል? ጠብሰሽ አምጪው!» ይላታል።

ታክሲዋም እሱኑ መስላለች። አርጅታለች፣ ግን መቆም አትወድም። አንድ ሕመም ብቻ አለባት፤ የማሞቂያዋ ማራገቢያ። ሲለው ይነፍሳል፣ ሳይለው እፍ ብሎ ይቀራል። ፋታ መድኃኒቱን ያውቃል፤ በቀኝ እጁ ዳሽቦርዱን በጥፊ ጧ! ማራገቢያው ይነሳል። ተሳፋሪውም አብሮ ይነሳል። ነገሩ የተጀመረው ድሮ ነው። ደረቅ ቅጠል ገብቶ ማራገቢያውን ሲያንኳኳበት፣ በንዴት አንድ ቢያቀምሰው ቅጠሉም ወጣ ድምፁም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ፋታ ከጥፊ ሌላ መካኒክ አላመነም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ታዲያ አንዲት ሴት ልጁ ወሯ ሳይገባ ወለደች። ሕፃኑ ትንሽዬ ስለነበር ሆስፒታል ሙቀት ክፍል ውስጥ ሰነበተ፤ በመጨረሻ «ነገ ጠዋት ውሰዱት» ተባለ። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል። ፋታ ይህን በስልክ ሲሰማ ቁልፉን አንስቶ ብድግ አለ። ነገ መባሉን እንኳ ልብ አላለም።

«አባዬ፣ እንዳትቀየመኝ» አለችው ልጁ። «ሐኪሙ ብርድ እንዳይነካው ብሏል። ያንተ ታክሲ ደግሞ ካልተመታች አትሞቅም፤ ስትመታት እሱ ይደነግጣል። ሌላ ታክሲ እንጠራለን።»

«ሌላ ታክሲ? እኔ በሕይወት እያለሁ?»

«እንግዲያው አሠራት።»

ፋታ ስልኩን ዘግቶ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው አራስ፣ የሰው ሙሽራ፣ የሰው በሽተኛ ሲያደርስ ኖሯል። አሁን የገዛ የልጅ ልጁ ከሌላ ሰው ታክሲ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሊወርድ ነው! «ከዚህስ ብሞት ይሻለኛል» አለ፤ የምሩን ነው።

መጀመሪያ ፊውዙን አወጣ። ደህና ነው። ወዲያው ወደ መለዋወጫ ሱቅ በረረና የማራገቢያውን ፍጥነት የምትቆጣጠረዋን ሬዚስተር ጠየቀ።

«የሚደክመው አንዱ ፍጥነት ላይ ነው ወይስ ሁሉም ላይ?» አለው ባለሱቁ።

«ስጠኝ ብዬሃለሁ! ጠበቃ ነህ?»

ገጠማት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ተመልሶ ሮጠ፤ ካገለገለ ዕቃ ሻጭ ሌላ ማራገቢያ ከነሞተሩ ገዛ። እግሩን በበሩ አውጥቶ፣ ጭንቅላቱን ዳሽቦርዱ ሥር ወትፎ፣ ጣቶቹ እየተላጡ ያንንም ገጠመው። ሲያስነሳው እፍ አለና ደከመ። በንዴት በጥፊ አጮለው፤ ተነስቶ ነፈሰ።

«ወይ ጉድ!» ብሎ ወደ ሚስቱ ጮኸ። «አንቺ! አዲሱም ዱላ ለምዶ ነው የመጣው!»

በማግስቱ ጠዋት የታክሲዋ መስታወት ጉም ለብሷል። ፋታ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ዘግቶ ይከፍታል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሹራቧን ደርባ ወጣችና ገፋ አድርጋው ገባች።

«ስማ፣ እኔ ክር ሲበጠስብኝ መርፌውንም መቀሱንም አልለውጥም። ክሩን ከጥቅሉ ጀምሬ እከተለዋለሁ። በል ቁጭ በል። ቁጭ!»

«ሰዓቱ...»

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። ሰዓቱን ለእኔ ተወው።»

ተቀመጠ። የኤሌክትሪክ መሞከሪያ የሆነች ትንሽ አምፖል አስያዛት። የማራገቢያውን ማብሪያ ከፍቶ የአምፖሏን አንድ ጫፍ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ ላይ፣ ሌላውን የመኪናዋ ብረት ላይ አሳረፈ።

«በራ፤ ደምቋል» አለች። ሁለተኛውን ጫፍ ከማራገቢያው ወደሚወጣው ጥቁር ሽቦ አዛወረው። «አሁን ደከመ።»

«ነቀነቅሽው እንዴ?»

«እኔ ንቅንቅ አላልኩም። አንተ ነህ ያዛወርከው።»

የሚመጣው ኤሌክትሪክ ደህና ነው፤ መመለሻው ነው የታመመው። ፋታ ጥቁሩን ሽቦ በጣቱ ይዞ ተከተለው፤ ከዳሽቦርዱ ኋላ ከብረቱ ጋር የታሰረበት ብሎን ድረስ። ብሎኑ ካቻቢቴ ሳይነካው በጣቱ ዞረለት። ላልቷል፤ ሥሩ ዝጓል። ቀና ብሎ አየ። ከብሎኑ በላይ፣ ልክ ከበላዩ፣ የዳሽቦርዱ ፕላስቲክ የመዳፉን ያህል ወዝቶ ያብለጨልጫል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ስመታው ሽቦው ብረቱን ይነካል። ስመታው ደግሞ የባሰ ይላላል። እኔው ነኝ ያመጣሁበት።»

«ገድሎ አልቃሽ!» አለችና ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ አፍሮ ነበር። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ ብሎኑን ጥብቅ አድርጎ አሰረ፣ ማብሪያውን ከፈተ። ነፋሱ ሳይመታም ሳይለመንም መጣ፤ ቆየት ብሎም ሞቀ። ሚስቱ ስልክ ደውላ ለልጃቸው አሰማቻት።

ከሆስፒታሉ በር ላይ ልጂቱ ሕፃኑን አቅፋ ከእናቷ ጋር ከኋላ ተቀመጠች። እጇን ዘርግታ ሙቀቱን ለካች፤ ከዚያ በሩን ዘጋች። ፋታ ነዳ። የመንገዱ ጉብታ ላይ ማራገቢያው ድምፁን ለወጥ ሲያደርግ ቀኝ እጁ ሳያዘው ብድግ አለ። በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱም ሴቶች ሲያፈጡበት አየ። ጆሮውን አክኮ እጁን ወደ መሪው መለሰ።

ቤታቸው ደጃፍ ደረሱ። የበሩን እጀታ ይዞ ሊወርድ ሲል ልጁ በሹክሹክታ፣ «አባዬ፣ ገና አሁን ነው የተኛው። እስኪነቃ እዚሁ ብንቀመጥስ?» አለችና መልሳ ለመውረድ የሕፃኑን መጠቅለያ ታጠባብቅ ጀመር። አባቷን ታውቀዋለች። ትምህርት ቤት ሲያደርሳት በሩን ዘግታ ሳትጨርስ ነበር የሚነሳው፤ በግቢው በር ስትገባ አንድ ቀን ቆሞ አይቷት አያውቅም።

ፋታ እጀታውን ለቀቀ።

«ሞተሩን አላጠፋውም፤ ይሙቀው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በግራ እጁ ጉልበቱን ያዘው። ቀኝ እጁ መሪውን ነካ፣ ማርሹን ነካ፣ ወደ ዳሽቦርዱ አመራ። ቢጨንቀው ከጭኑ ሥር አስገባና ተቀመጠበት።

ሕፃኑ ብዙ ተኛ። ፋታም ስንት ሰዓት እንደሆነ ማንንም አልጠየቀም።